ፋራዋ ስትቆጥር

«እሷ ከኩሽና አትወጣም አልኩሽ እኮ። ፋራ ናት፤ ሳሎን ገብታ አፏን ከከፈተች አለቀልኝ!»

እናኑ ይህን የሰማችው ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ በሰርቪስ ቤቱ ስስ ግድግዳ ወዲህ ተቀምጣ ሽንኩርት ስትልጥ ነው። ተናጋሪውን ለማወቅ ጆሮ መጣል አላስፈለጋትም። የወንድሟ ልጅ ምንይችል ነው። ወንድሟ ስማቸው ሞቶ፣ ሚስቱ ሌላ ባል አግብታ ቆላ ስትወርድ፣ በሦስት ዓመቱ እጇ ላይ የቀረ፣ «እማ» እያለ ያደገ፣ እሷም እሱን ትቼ ወዴት ብላ ሦስት ጊዜ የመጣ ባል የመለሰችለት፣ ያው ምንይችል። የሚያወራው ከቤት አከራዩ ከየትነበርሽ ጋር ነበር። «ኋላ እኔን አክስቴ ናት ብለህ አስቀምጠኸኝ፣ ሴትዮዋ ዘው ብላ ጉድ እንዳታደርገን» አለች የትነበርሽ እየሳቀች። «ምን ታመጣለች? ከገጠር የመጣች የሥራ ሰው ናት እላቸዋለሁ። ያልኳትን ትሰማለች» አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ የግንቦት እሑድ፣ የእጮኛው የፀደንያ አባት መሪጌታ ህሩይ ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ጋር ሆነው የወንዱን ወገን ሊያዩ ይመጣሉ። ምንይችል ደግሞ ለልጅቱ «ያሳደገችኝ አክስቴ የጎንደር ከተማ ሰው ናት» ብሎ ነግሯት ኖሯል። እንዲያ ያለች አክስት ከየት ትምጣ? ሁለት የወርቅ አምባርና አንድ የወርቅ ጥርስ ያላት፣ «ሶፋ» ስትል አፏ የሚያምር ሴት ሆና የተገኘችው የትነበርሽ ናትና፣ ቤት አከራይዋ ለአክስትነት ተከራየች። የእውነቷ አክስት ግን መንገድ ተዘጋ ሲባል ሁለት ቀን ጠብቃ፣ ትናንት ከወገራ፣ ከኮሶዬ ስትመጣ፣ ነጋዴ አሥራ ስድስት ሺህ ብር ሰጥቷት እምቢ ያለችውን ሙክት በመኪናው አናት ላይ አስጭና፣ ኪሎው ከሺህ ብር በላይ የሚሸጠውን ቅቤ በቅል አዝላ፣ የጓሮዋን ነጭ ሽንኩርት በማዳበሪያ ይዛ ነው። ቀሚሷንም ለዚሁ ቀን ብላ አሰፍታለች፤ አረንጓዴ፣ ጥለት ያለው። እስካሁን ከፌስታሉ አላወጣችውም።

ሽንኩርቱን መላጥ አላቆመችም። እጇ ይልጣል፣ ዓይኗ ያነባል፤ ማን ያየዋል፣ ሽንኩርት ነው ይባላል። ይች ፋራ የምትባል ቃል ለእናኑ አዲስ አይደለችም። ኮሶዬም ደርሳለች። የደባርቅ መኪና ረዳቶች አምጥተዋት፣ የመንደሩ ጎረምሶች ተቀባብለዋት፣ ገደሉን አያለሁ ብሎ በስስ ጫማ መጥቶ ጭቃው ላይ የሚንፏቀቀውን፣ በቅሎ ስትጠጋው «እናቴ!» ብሎ የሚጮኸውን ከተሜ ነው «አቤት ፋራ!» የሚሉት። እናኑም አብራ ስቃበታለች። ጠዳ ከተማ የአጎቷን ልጅ ልትጠይቅ የሄደች ጊዜ ደግሞ ገበያው ውስጥ ሌላ ሆና አገኘቻት፤ እዚያ ፋራ የሚባለው በተጠራለት ዋጋ ሳይከራከር ከኪሱ የሚያወጣ ነው። አገሩ በተለወጠ ቁጥር ቃሏም ትለወጣለች፤ ሁሉም ጋ ግን ሳቅ አለባት፣ የተባለውም ሰው አብሮ ይስቃል። ዛሬ ከምንይችል አፍ ስትወጣ ሳቅ የላትም። በር መዝጊያ ሆናለች።

ጥቂት ቆይቶ ራሱ መጣ። ሸሚዙ ነጭ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ሽቶው ከወጡ ሽታ ጋር የሚጣላ። ደፉ ላይ ቆመ፤ አልገባም።

«እትዬ» አላት። እማ አላላትም። «የሚመጡት ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ከነሱ ጋር መቀመጥ ያደክምሻል። እዚሁ ተረጋግተሽ ብትቆዪ አይሻልም? ማነሽ ካሉሽ ብቻ… የየትነበርሽ የሥራ ሰው ነኝ በያቸው።»

«እሽ» አለች።

«አልተቀየምሽም አይደል?»

«ምነው እቀየማለሁ? በርበሬው አልቋል፤ ሱቅ ልሂድ።»

ልጁ ፊቷን ሊያይ ፈልጎ እሷ ወደ ምድጃው ዞረች። ሃያ አምስት ዓመት እናት የሆነችለት፣ በአንድ ቁርበት አቅፋው የተኛችው ልጅ፣ «በይ እሽ» ብሎ ሄደ።

ሱቁ ከዩኒቨርሲቲው በር ማዶ ነው። ሩብ ኪሎ በርበሬ ጠየቀችና ዋጋውን ስትሰማ «ወይ ጉድ» አለች፤ ባለሱቁ የሷ ጥፋት ይመስል ትከሻውን ነቀነቀ። አጠገቧ ሁለት ሴት ተማሪዎች ካርድ ሊገዙ ቆመዋል። አንደኛዋ ስልኳን አሥሬ ታያለች። «አንቺ ፋራ! አሁንም ይደውላል ብለሽ እየጠበቅሽ ነው?» አለቻት ጓደኛዋ፤ ብላም አንገቷን አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት። እናኑ ሁለቱን አየቻቸው። እዚህ ደግሞ ፋራ ማለት ከልቡ የሚወድ፣ የሚጠብቅ ማለት መሆኑ ነው። እንዲህስ ከሆነ እውነቱን ነው፣ አለች በሆዷ፤ ከኔ የባሰች ፋራ ከወዴት ትገኛለች?

በቀጥታ መናኸሪያ ልሂድ ብላ አስባ ነበር። ሚኒባሱ ፊቷ ቆሞ ረዳቱ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላል። ግን ዝም ብላ ብትሄድ ለሱ ግልግል ነው። «እሰይ፣ ሄደችልኝ» ብሎ በሙክቷ እንግዳውን ሊጋብዝ ነው። ኧረ ወዲያ! ወደ ኩሽናው ተመልሳ ቀይ ወጡን ስታማስል ጨው ያለበትን ጣሳ አንስታ አንድ እፍኝ ሙሉ አፈሰች፤ እጇ ከድስቱ አፍ ላይ ቆመ። ምን ይሆናል? ወጡ ተደፍቶ ከሆቴል ይታዘዛል፣ የትነበርሽም ትስቃለች፣ ምንይችልም «ፋራ ናት አላልኩሽም?» ይላታል። ጨውን ወደ ጣሳው መለሰችው። ይህ ልጅ እንዲያ ባለ ትንሽ ነገር የሚለቀቅ አይደለም። የምታደርገውን ገና አላወቀችውም፤ ዝም ብላ እንደማትሄድ ግን አውቃለች።

እንግዶቹ ስድስት ሰዓት ላይ ደረሱ። መሪጌታ ህሩይ ረጅም፣ ከሲታ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ድምፃቸው ከደረት የሚወጣ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ከኋላ፣ ልጅቱ ከጎን። እናኑ በሰርቪሱ መስኮት አየቻቸው። የትነበርሽ አምባሯን እያንቋቋች «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ቤት ለእንግዳ!» ስትል፣ ምንይችልም «አክስቴ ናት» ሲል ሰማች። አክስቴ ናት! በዚያው አፉ! እናኑ ያን ጊዜ ቢላዋ ይዛ ነበርና አስቀመጠችው።

አሥር ደቂቃም ሳይሞላ ፀደንያ ኩሽና ገባች። እንግዳ ሆና፣ የምትታይበት ቀን ሆኖ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ። «ላግዝዎት እናቴ፤ ሳሎን መቀመጥ አቃተኝ» አለች። እናኑ «ተይ ልብስሽ ይበላሻል» ብትላት አልሰማችም፤ ሳህኖቹን ታጥባ፣ አድርቃ፣ ደረደረች። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። እጇ ፈጣን፣ አፏ ተጫዋች። «ጓደኞቼ ምን እንደሚሉኝ ያውቃሉ? የለየላት ፋራ! ጠዋት ጠዋት ኪዳን ሳላስደርስ ሥራ ስለማልገባ» ብላ ሳቀች። የእናኑን ስም ጠየቀቻት፤ አገሯን ጠየቀቻት፤ ኮሶዬ ስትላት «ሸጋ አገር ነው ይላሉ፣ አንድ ቀን ሳላየው» አለች። ከነጋ ጀምሮ ስሟን የጠየቃት ሰው እሷ ብቻ ናት። እናኑ ልጅቱን ወደደቻት፤ መውደዷ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ይቺን የመሰለች ምራት፣ የአንገት ድሪ የምታስርላት፣ እግሯን የምታጥብላት ሌላ ሴት ልትሆን ነው!

ምሳው ተበላ። ሙክቱ ተመሰገነ፤ የትነበርሽ «ከራሴ በረት ነው» ስትል እናኑ የእጅ ማስታጠቢያ ይዛ አጠገቧ ቆማ ነበር። ሳሎኑ ጠባብ ነው። ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ባለ መስታወቱ ቁም ሣጥን፣ በግድግዳው የምንይችል የምረቃ ፎቶ፤ በዚያ ፎቶ ላይ ከጎኑ የቆመችው እናኑ ነበረች፣ አሁን ግን ፎቶው ተቆርጦ እሱ ብቻ ቀርቷል። ትከሻው ላይ የቀሩት አራት ጣቶቿ ብቻ ናቸው። ይህን ያየችው ሳህን ስታነሳ ነው። ሳህኑን ይዛ በሩ አጠገብ ቆመች፤ ውጪ ያላትም የለም፣ ያያትም የለም።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በልተናል፣ ጠጥተናል። አሁን ወግ ይድረስ፤ ዘር እንቁጠር። ሰባት ቤት ሳይቆጠር እኔ ልጅ አልሰጥም። የመቅደስ አገልጋይ ሆኜ ሥጋን ከሥጋ ባገናኝ ምን እመልሳለሁ?» አሉና ከራሳቸው ጀመሩ። ጣታቸውን እያጠፉ፣ ዜማ ይመስል ነበር፦ «ፀደንያ የህሩይ፣ ህሩይ የገብረ ኪዳን፣ ገብረ ኪዳን የበላቸው፣ በላቸው የሐብተ ማርያም፣ ሐብተ ማርያም የአንዳርጋቸው።» እዚህ ላይ ቆም አሉ። «አንዳርጋቸው አገሩ ወገራ ነው። ዜማ ሊማር ጎንደር ሲመጣ አንድ ልጅ እዚያው ትቶ መጥቷል ይላሉ አባቶቻችን። የልጁ ስም ግን ጠፍቶብናል፤ የያዘው የለም።» ከዚያ የቀሩትን ሁለት ስሞች ብለው ሰባቱን ሞሉና ወደ ምንይችል ዞሩ። «በል ልጄ።»

«ምንይችል የስማቸው፣ ስማቸው የአላምረው፣ አላምረው የእንኳየሁ…» አለ ምንይችል። ቆመ። ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ያው እንኳየሁ ላይ ቆመ። ልጅ ሳለ እናኑ እሳት ዳር አስቀምጣ ያስጠናችውን፣ በአንድ ትንፋሽ ሰባቱን አውርዶ ቆሎ የሚሸለምበትን ቁጥር ከተማው አራግፎበታል። ላቡ በግንባሩ ችፍ አለ። መሪጌታ ወደ የትነበርሽ ዞሩ። «አንቺስ እመቤት? የእንኳየሁ አባት ማን ነው? ያንቺም ቅድመ አያት እኮ ነው።»

የትነበርሽ አምባሯን አሽከረከረች። «ኧረ መሪጌታ፣ አሁን ዘመን ማን ይህን ይይዛል? ልጆቹ ተዋደዋል…»

«አልሆነም» አሉ መሪጌታ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ካልተቆጠረ እንነሳለን።»

ፀደንያ ናት ያን ጊዜ እጇን ወደ በሩ የዘረጋችው። «አባዬ፣ እኚህ እናት የኮሶዬ ሰው ናቸው፤ የምንይችል አባት አገርም እዚያው ነው። ምናልባት ያውቁ ይሆናል።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ምንይችልም ዞረ። መጀመሪያ በዓይኑ ድንጋጤ አየች፤ ቀጥሎ ተስፋ። አዎን፣ ተስፋ! የምታድነው እሷ ብቻ መሆኗን አሁን ነው ያወቀው። እናኑ ጠበቀችው። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ «እማ» ቢላት፣ በከንፈሩ ብቻ እንኳ ቢላት፣ ሰባቱን አውርዳለት፣ ሳህኗን ይዛ ወደ ኩሽናዋ ትመለስ ነበር። እሱ ግን የትነበርሽን አየ፣ እንግዶቹን አየ፣ ከዚያ በጌታ ድምፅ፣ «ነይ እስቲ ሴትዮ። የምታውቂ ከሆነ ንገሪያቸውና ወደ ሥራሽ ተመለሽ» አላት።

ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«የስማቸው አላምረውን ዘር ታውቂያለሽ እናት?» አሏት መሪጌታ።

«አሳምሬ ነው የማውቀው አባቴ። አጥር ለአጥር ነን።»

«በይ ቁጠሪልን።»

«ስማቸው የአላምረው» አለች። «አላምረው የእንኳየሁ። እንኳየሁ የፍቅረ ማርያም።» እስከዚህ ሁሉም እውነት ነው። ምንይችል ትንፋሹን ለቀቀ፤ ፈገግም አለ። የፍቅረ ማርያም አባት ዋኘው ነው፤ ዋኘው የሚለው ስም ምላሷ ላይ ቁጭ ብሏል። እናኑ ዋጠችው። «ፍቅረ ማርያም የአንዳርጋቸው። ያ አባቱ ዜማ ሊማር ጎንደር ወርዶ ወገራ የቀረው ልጅ፣ ፍቅረ ማርያም ነው።»

የፀደንያ እናት አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። መሪጌታ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው በግራ አምስት፣ በቀኝ አምስት ቆጠሩና ሁለቱን አውራ ጣቶች አገናኟቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። «በአምስት ቤት» አሉ በሹክሹክታ። «ከማን ሰማሽው?»

«ከአላምረው ከራሱ አፍ።» ይህስ ሐሰት አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ዘሩን ያስቆጠራት አባቷ አላምረው ነው፣ ዋኘው ብሎ እንጂ።

«ሚካኤልን?»

እናኑ መሪጌታን አላየችም። ግድግዳው ላይ ያሉትን አራት ጣቶቿን አየች። «ሚካኤልን» አለች።

«ውሸቷን ነው!» ምንይችል ከሶፋው ተስፈንጥሮ ተነሳ። «ውሸቷን ነው፣ መሪጌታ! አንዳርጋቸው የሚባል የለንም! የፍቅረ ማርያም አባት… ፍቅረ ማርያም የ…» ፈለገው። ያ ስም አንድ ጊዜ በአፉ የነበረ ስም ነው፤ ጣሪያውን አየ፣ ወለሉን አየ፣ አጣው። «ልጄ» አሉት መሪጌታ በሐዘን፣ «የሰው ቤት ሠራተኛ ባንተ ላይ ብትዋሽ ምን ታገኛለች? ምንህ ናትና?»

«አክስቴ ናት!» ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ መስታወቱን ነዘረው። «የአባቴ እኅት ናት! ያሳደገችኝ እሷ ናት! እልህ ይዟት ነው!»

ከጠዋት ጀምሮ የጠበቀችው ቃል ነው። በሰው ፊት፣ በትልልቅ ሰዎች ፊት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረው፤ የተናገረው ግን ሊያጠፋት ነው። የትነበርሽ ሶፋው ላይ አንሳ አንሳ ጫፉ ላይ ቀረች። መሪጌታ ወደሷ፣ ከሷ ወደ እናኑ፣ ከእናኑ ወደ ልጁ አዩ። «እንግዲያው እናት ሆና ያሳደገች አክስት ከሆነች፣ የዘርህን ነገር ካንተ ይልቅ እሷን አምናለሁ። ይቺን ሴትዮ ግን ማን ብለህ እንዳስቀመጥህልን አንተው ታውቃለህ» አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ። «ነገሩ ባይሆን እንኳ ጥርጥር ያለበትን አልባርክም። እግዚአብሔር ይስጥልን።»

ምንይችል መሪጌታ እግር ላይ ወደቀ። እናኑ ቆማ አየችው። እሰይ! እሰይ፣ ደግ አደረግሁ፣ አለች በሆዷ፤ ጉሮሮዋ ድረስ ጣፈጣት። ይህን ሁሉ ዓመት ያልጣፈጣት ነገር ዛሬ ጣፈጣት። ኩሽና ገብታ ያልታጠበውን ድስት እንዳለ ተወችው፣ ፌስታሏን አነሳች፣ ባዶ ቅሏን አዘለች፣ ወጣች።

የግቢውን በር ከፍታ ስትወጣ ሩጫ ሰማች። ፀደንያ ናት። ወላጆቿ መንገዱ ዳር ባጃጅ ያስቆማሉ፤ እሷ ተመልሳ መጥታለች። ዓይኗ ቀልቷል፣ አፍንጫዋ ይፈሳል፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል። እናኑ ስድብ ጠበቀች፤ እርግማንም ቢሆን ትቀበል ነበር። ልጅቱ ግን ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመቻት። ጎትታ ልታነሳት ብትሞክር እምቢ አለች።

«እርስዎ ባይነግሩን ኖሮ ሥጋዬን አግብቼ ነበር» አለች እያለቀሰች። «እግዜር ነው ያመጣዎት። ደግሞ… አባቴ አንድ ለናቱ ነው፣ እናቴም ዘመድ የላትም። አክስት የሚባል አላውቅም። እርስዎን ኩሽና ሳይዎት ልቤ ለምን እንደወደደዎት አሁን ነው የገባኝ። ለካ ሥጋዬ ኖረዋል።»

እናኑ አፏን ከፈተች። ዋኘው የሚለው ስም ከዋጠችበት ተመልሶ መጣ፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ቆመ። አንድ ቃል ነው። ብትለው መሪጌታ መንገዱ ዳር አሉ፣ ሙሽራውም እዚያ ውስጥ አለ፣ ሁሉም ይመለሳል። ያን ጊዜ ከሳሎኑ የምንይችል ድምፅ መጣ፤ የትነበርሽ ላይ ይጮሃል፦ «ጥፋቱ የኔ ነው! ምነው ያቺን ሴትዮ ከነጭራሹ ባልጠራኋት!»

ስሙን ደግማ ዋጠችው።

«በመስከረም እረፍት አለኝ» አለች ፀደንያ፣ በእጇ ጀርባ ዓይኗን እየጠረገች። «ኮሶዬ ልምጣ? የፍቅረ ማርያምን መቃብር ያሳዩኛል? ዘመዶቼን ያሳዩኛል?»

እናኑ በነጠላዋ ጫፍ የልጅቱን ፊት ጠረገችላት።

«ነይ፣ ልጄ» አለቻት። «ስትመጭ ጋቢ ያዥ፤ የኛ አገር ብርድ አይጣል ነው።»